በመጨረሻ የሚገዛው ዕቃ

በአርሲ ደጋ ኮምፒውተር በቤቱ የሚገጣጥም ሰው፣ ከፓወር ሳፕላዩ ትልቅ ቁጥር በፊት ምን ማንበብ አለበት?

በቤቱ ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሣ ወጣት የሚጽፈው የዕቃ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። ፕሮሰሰሩ ከላይ ይሰፍራል። ግራፊክስ ካርዱ ይከተላል፤ የገንዘቡም ትልቁ ክፍል እዚያው ያልቃል። ከዚያ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲው። መጨረሻ ላይ ከኬዙ ጎን «ፓወር ሳፕላይ» የሚል ይታከላል። አንዳንዱ እሱንም አይጽፈውም፤ ከኬዙ ጋር ተገጥሞ የሚመጣ አለና።

ዝርዝሩ የሚጻፈው አሰላ ላይ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማ ኮምፒውተርን የምትቀበለው በስስ አየርና ከሰዓት ሰዓት በሚለዋወጥ ኮረንቲ ነው። ሁለቱንም ፊት ለፊት የሚጋፈጠው ፓወር ሳፕላዩ ነው። ይህ ዕቃ ደግሞ ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም፤ ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩን፣ በዲስኩ ላይ ያለውን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሰው ሰርግ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ማምሻውን አንድ ሰዓት ላይ

ማምሻውን አምፖል ደብዘዝ ሲል የሚደነግጥ የለም፤ ምጣድ የተጣደበት ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ለቪዲዮ ሥራ የተገጣጠመ ጠንካራ ኮምፒውተር የሚወስደው የዚህን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ በርካታ ቤቶች አንድ ላይ ሲጋግሩ፣ መስመሩም ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 180፣ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ከጎረቤት ብየዳ ቤት ካለ ብልጭ ድርግም ይጨመርበታል። ወፍጮ ቤት ካለ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር መብራቱ ለቅጽበት ያሽቆለቁላል። ከዚያ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል፤ ተመልሶ ይሄዳል።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር የፎቶ ቤት ባለሙያ ይህን ሰዓት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከባዱን ሥራ ሰፈሩ ወደሚተኛበት ሌሊት የሚያሻግረው ብዙ ነው። ተማሪውም ቢሆን የጻፈውን በየጥቂት ደቂቃው «ሴቭ» ማድረግን የለመደው ከመምህር ሳይሆን ከመብራቱ ነው።

አርሲ ከኃይል ምንጭ የራቀ አገር አይደለም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከአካባቢው ብዙም አይርቅም። በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው 153 ሜጋዋት የመልካ ዋከና ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከአርሲና ከባሌ ደጋ በሚወርድ ውኃ ይሠራል። በኢተያ አካባቢም 100 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት በአሰላ ስም ተጀምሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ የማመንጨት አቅም በአንድ ጊዜ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያየው ግድቡን አይደለም። የሚያየው የሰፈሩን ትራንስፎርመር፣ ከዚያ እስከ ቆጣሪው የተዘረጋውን ሽቦ፣ ከቆጣሪው እስከ ዲቫይደሩ ያለውን የቤት ውስጥ መስመር ነው። ችግሩም ያለው በዚህ በመጨረሻው ርቀት ላይ ነው።

«ኮምፒውተሩ የሚያየው ግድቡን አይደለም፤ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ነው»

ክዳኑ ሲነሣ

አሰላ ለመፍታትና ለመግጠም እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» እያለ የሚጠራው፣ ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የእርሻ መሣሪያ የማሻሻል ሥራንም ወደ ከተማዋ አምጥቷል። ዛሬም በአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ። ስንዴና ገብስ በሚታጨድበት ወቅት ኮምባይነር ሜዳ ላይ ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ አይጠፋም። የኮምፒውተርና የስልክ ጠጋኞች የዚሁ እጅ ወራሾች ናቸው ማለት ይቻላል።

በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ የተነሣ ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ብዙ ይናገራል። ፋኑ በአቧራና በገለባ ብናኝ ተለብዷል። ከመካከሉ ጥቁር ጣሳ የመሰሉ ካፓሲተሮች ቆመዋል፤ የአንዱ አናት እንደ ቂጣ አብጧል፣ ከሥሩም ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ደርቋል። ጎኑ ላይ «85 ዲግሪ» የሚል ታትሟል። ጥሩ አምራቾች የሚጠቀሙት 105 ዲግሪ የሚችለውን ነው። በመሐንዲሶች ዘንድ በተለመደው ስሌት ካፓሲተር የሚሠራበት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል፤ ስለዚህ የ20 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል ደግሞ ከመስመር የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣሩ ጥቅልሎች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ ቦታቸው በቦርዱ ላይ ተሥሏል፣ ዕቃዎቹ ግን የሉም። በእነሱ ፈንታ አጭር ሽቦ ተበይዶ አልፏል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከሶኬት የገባው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለወጥና 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ዘመናዊው ዓይነት ደግሞ ወደ 380 ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ይህ ኃይል በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በጣም በፈጠነ ፍጥነት እየተቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ያልፍና 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ሆኖ ይወጣል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑን መክፈት ያለበት ማራገፉን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ በዚህ ላይ አይዳፈር።

ከጀርባ ያለችው ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻም ችላ መባል የለባትም። በቆዩ ፓወር ሳፕላዮች ላይ «115» እና «230» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሏት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ያገለገለ ማሽን 115 ላይ እንደተደረገ ሊመጣ ይችላል፤ እንዲሁ አሰላ ላይ ከተሰካ ውጤቱ ፍንዳታና ጭስ ነው። በተለጣፊው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ያለበት ዘመናዊ ዓይነት ማንሸራተቻ የለውም፤ ቮልቱን ራሱ ለይቶ ይቀበላል። ለአርሲ ከተሞች የመጀመሪያው መመዘኛ መሆን ያለበት ይህ ነው። ማምሻውን ቮልቱ ወደ 160 ቢወርድ እንኳ እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ስታብላይዘር ሥራውን ይቀጥላል። ሆኖም ቮልት ሲወርድ ተመሳሳይ ኃይል ለማግኘት የሚስበው አምፒር ስለሚጨምር የበለጠ ይሞቃል፤ አቅሙ ጫፍ ድረስ የተጫነ ፓወር ሳፕላይ በዚህ ሰዓት ነው እጅ የሚሰጠው።

ትልቁ ቁጥርና ደቃቁ ሠንጠረዥ

የገበያው ትልቁ ማታለያ ተለጣፊው ላይ ነው። በጉልህ «500 ዋት» የሚል ታትሟል እንበል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተቀመጠው ሠንጠረዥ ግን ሌላ ነው የሚለው። በ12 ቮልት ሥር 14 አምፒር ይላል፤ 12 በ14 ሲባዛ 168 ዋት ይሆናል። በ5 ቮልት ሥር 25 አምፒር፤ 125 ዋት። በ3.3 ቮልት ሥር 20 አምፒር፤ 66 ዋት። ሦስቱ ቢደመሩ 359 ዋት ነው። 500 የሚለውን ቁጥር የሚደግፍ ነገር በሠንጠረዡ ላይ የለም። እንዲህ ዓይነት ተለጣፊ በሽበሽ ነው።

ድምሩ ሐሰት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የከፋው ግን ክፍፍሉ ነው። ኢንቴል ዛሬም የምንጠቀምበትን ኤቲኤክስ የተባለ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያወጣ የኮምፒውተር ዋና ጭነት በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ለፕሮሰሰር ብቻ የሚሆን ባለ አራት ፒን የ12 ቮልት ገመድ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ከ12 ቮልት ነው የሚመገቡት፤ 5 እና 3.3 የቀረላቸው ጥቂት ነው። ርካሹ ዕቃ ግን ዛሬም በዚያ ዘመን ንድፍ ይመረታል። ከላይ ያለው «500 ዋት» ለዛሬ ኮምፒውተር በእርግጥ የሚሰጠው 168 ዋት ነው።

ጥሩ የ550 ዋት ፓወር ሳፕላይ በ12 ቮልት ሥር 45 አምፒር አካባቢ ይጽፋል፤ 540 ዋት ማለት ነው። ገዢው ሊያደርግ የሚገባው ስሌት ይኸው ነው፤ የ12 ቮልቱን አምፒር በ12 አባዝቶ ከትልቁ ቁጥር ጋር ማስተያየት። ሁለቱ ከተቀራረቡ ዕቃው ቢያንስ በወረቀት ላይ እውነተኛ ነው። ክብደቱም ይመሰክራል፤ ብረቱን፣ ጥቅልሉንና ማቀዝቀዣውን ያጎደለ ፓወር ሳፕላይ በእጅ ሲያነሡት ይቀላል።

«500 ዋት የሚለው ዕቃ ለዛሬ ኮምፒውተር በእርግጥ የሚሰጠው 168 ዋት ነው»

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው «80 ፕላስ» ማረጋገጫም ይረዳል። ተራው ደረጃ ፓወር ሳፕላዩ በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ላይ ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ እያለ ይወጣል። ምልክቱን በካርቶን ላይ ማተም ለአስመሳይም ቀላል ስለሆነ ሞዴሉን በፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምልክቱ የሚለካው ደግሞ የኃይል ብክነትን ነው። ስለ መብረቅ፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ካፓሲተሩ ጥራት የሚናገረው የለም። የታወቀ ስምም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ በዓለም ገበያ ታይቷል፤ ጊጋባይት ጂፒ-ፒ750ጂኤም እና ጂፒ-ፒ850ጂኤም የተባሉ ሞዴሎቹ በገለልተኛ ፈታኞች እጅ መቃጠላቸው ከተዘገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ዕቃዎቹን መልሶ እንደሚቀይር አስታውቋል። ሁለቱም ባለ ጎልድ ምልክት ነበሩ።

የ2,000 ሜትር ወሰን

ደገኛውን የሚመለከተው፣ በሻጭም በገዢም ዘንድ እምብዛም የማይነሣው ጉዳይ ከፍታ ነው።

አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደህንነት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በከፍተኛና በዝቅተኛ ቮልት መስመሮች መካከል መተው ያለበትን ክፍተት የሚያሰሉት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ክፍተቱ መስፋት አለበት፤ ለ3,000 ሜትር 14 በመቶ ይጨመራል። ቻይና ቲቤትን የመሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች ስላሏት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደረጃ ለ5,000 ሜትር ያልተሠራ ዕቃ «ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ» የሚል ማስጠንቀቂያ ወይም ተራራ የመሰለ ምልክት እንዲለጠፍበት አዛለች። ምልክቱ ዛሬ በብዙ ቻርጀሮችና ፓወር ሳፕላዮች ላይ ይታያል። አሰላ ከዚያ ወሰን በ400 ሜትር ትበልጣለች። የሯጮቹ በቆጂ ደግሞ በ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት።

ይህ ማለት ደጋ የወጣ ዕቃ ሁሉ ይቃጠላል ማለት አይደለም። አዲስ አበባም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሚሊዮኖችም በዚያ ኮምፒውተር ይጠቀማሉ። በደንብ የተሠራ ፓወር ሳፕላይ ክፍተቱን አስፍቶ ይመጣል፤ በአምራቹ መግለጫም ላይ የሚሠራበት ከፍታ 5,000 ሜትር ተብሎ የሚጻፍ አለ። አደጋው ያለው ክፍተቱን ገና ከፋብሪካው ባጠበበው ርካሽ ዕቃ ላይ ነው። በዚያ ላይ የመኸር አቧራ ሲጋገርበት፣ በክረምት እርጥበት ሲነካው፣ መብረቅ በመስመሩ ላይ ድንገተኛ ቮልት ሲልክ፣ ስሱ አየር የቀረችውን መጠባበቂያ ይወስዳል።

ማቀዝቀዝም ይነካል። የአሰላ አየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው የአየር መጠን ያንሳል። ይህን ጉድለት የደጋው ቅዝቃዜ ይክሰዋል። ስለዚህ ለአርሲ ሰው ከሙቀት ይልቅ አቧራ ያሳስበው፤ ስንዴው ከተሰበሰበ በኋላ ፋኑን በንፋስ ማጽዳት የዓመት ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ዩፒኤስ እያለ ለምን ይጠፋል?

ጠጋኞች ዘንድ ከሚመጡት አቤቱታዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ዩፒኤስ ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል።» ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዩፒኤሱ አይደለም።

መብራት ሲቋረጥ የተለመደው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በዚህች ቅጽበት ኮምፒውተሩን የሚይዘው በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ያለው ኃይል ነው። በኢንቴል መመሪያ መሠረት ፓወር ሳፕላይ ወደ 16 ሚሊሰከንድ መያዝ አለበት። ርካሹ ዕቃ ግን ካፓሲተሩ ትንሽ ስለሆነ ባትሪው ሳይደርስለት ይወድቃል። ማምሻውን ቮልቱ ወርዶ ሳለ ከተቋረጠ፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ክፍል በሌለበት ዕቃ ውስጥ ካፓሲተሩ ራሱ በግማሽ ልብ ነው የተሞላው።

ሌላም ምክንያት አለ። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ኮረንቲ እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላዮች ይህን አይቀበሉም። ሁለቱን ከመግዛት በፊት አንድ ላይ ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩን ሥራ አሲዞ፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከሶኬት መንቀል ነው ፈተናው። በካርቶኑ ላይ ያለው «650 ቪኤ» የሚለው ቁጥርም ዋት አይደለም፤ በዋት ሲታሰብ ከ360 እስከ 390 ገደማ ይሆናል።

ዩፒኤስም ሆነ ፓወር ሳፕላይ የማይችሉት ነገር ግን የኒውትራል መበጠስ ነው። በሦስት ፌዝ በሚመገብ ሰፈር ኒውትራሉ ሲበጠስ ወደ አንዳንድ ቤቶች 220 ሳይሆን እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊገባ ይችላል። ብዙ ቤት ለማቀዝቀዣ የሚጠቀምባት «ፍሪጅ ጋርድ» ቮልት ሲያልፍ የምትቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ቆይታ የምትለቅ ስለሆነች ለኮምፒውተርም ከምንም ትሻላለች፤ የምትችለውን አምፒር አይቶ መግዛት ነው።

የሚነዝረው ኬዝ

የኮምፒውተሩን ብረት ሲነኩ ቆዳን ጠቅ የሚያደርግ ንዝረት ያጋጠመው ሰው ብዙ ነው። ብዙዎች ማዘርቦርዱ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ምክንያቱ ሌላ ነው። የጥሩ ፓወር ሳፕላይ ማጣሪያ ከሁለቱም መስመሮች ወደ ኬዙ በትናንሽ ካፓሲተሮች የተያያዘ ነው፤ ይህ ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት እንዲሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው፣ ወይም ዲቫይደሩ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ፣ መሄጃ ያጣው ኮረንቲ ኬዙ ላይ ይቀራል። መፍትሔው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ የመሬት ዘንግ ማስቀበርና ባለ ሦስት ሽቦ ዲቫይደር መጠቀም ነው። መሬት በሌለበት ቤት የመብረቅ መከላከያ ያለው ዲቫይደርም ሥራውን በሙሉ አይሠራም።

ስንት ዋት ይበቃል?

ያነሰ ነው፤ ሰው ከሚገምተው ያነሰ። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሥራና ለትምህርት የሚሆን፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ከ150 ዋት በላይ እምብዛም አይሄድም፤ እውነተኛ 350 ዋት ይበቃዋል። ለሰርግ ቪዲዮ ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 3060 ካርድ የሚገጥም ሰው ለፕሮሰሰሩ እስከ 117፣ ለካርዱ 170፣ ለቀረው 60 ዋት ያህል ይያዝ፤ 350 አካባቢ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው። ለአሰላ ማምሻ ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም።

ያገለገለ የቢሮ ማሽን ገዝቶ ካርድ ሊጨምርበት ያሰበም አስቀድሞ ይመርምር። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በራሳቸው ባለ 8 ፒን ገመድ ነው፤ የገበያው ባለ 24 ፒን በቀጥታ አይገባባቸውም። ከነሱ ጋር የሚመጣው 290 ዋት ፓወር ሳፕላይ ግን በዋቱ ማነስ ሊናቅ አይገባም፤ የጻፈውን የሚሰጥ ነው፤ ከላይ ካየነው «500 ዋት» ይበልጣል። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ 75 ዋት ብቻ የሚወስድና ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ይስማማል።

ገንዘቡ ሁሉንም ካላዳረሰ የሚቀነሰው ከግራፊክስ ካርዱ ይሁን። ካርድ በሚቀጥለው ዓመት ይቀየራል፤ በተቃጠለ ማዘርቦርድ ላይ ግን የሚቀየር የለም። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣ የአሰላም ሆነ የበቆጂ ገዢ ብር ከመላኩ በፊት ነጋዴውን አንድ ነገር ይጠይቀው፤ የፓወር ሳፕላዩን የጎን ተለጣፊ በግልጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክለት። «100–240 ቮልት» ከሌለበት፣ የ12 ቮልቱ አምፒር በ12 ተባዝቶ ከትልቁ ቁጥር ካልተጠጋ፣ ወይም ነጋዴው ፎቶውን ካልላከ፣ ዕቃውን አይግዛ።